ሽንሸና

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣
አንድ መጋዝ ገዛሁ፣ ምላጩ እንደ ክር።
አመልማል አየችው፣ «ደግሞ ምን ሊቆረጥ?» ብላ ሳቀች፤
ከበረንዳው ገመድ ልብሷን ሰብስባ፣ ቦታ ለቀቀች።

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በመዝገብ ቤት ወንበር፣
በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ ድንበር
ሳሰምር የኖርኩ ነኝ፤
የሰው ማሳ ስሸነሽን፣ በካሬ ስለካ፣ ፀጉር የሸሸኝ።

አሁን ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ጉልበቴ ከግድግዳ፣ ጀርባዬ ለፀሐይ፣
የዋንዛ ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣
ሥዕል ስዬበት፣ ሁለት ሌሊት አድርቄ፣ በእርሳስ ከልሼ፣
እቆርጣለሁ።

መጋዙ አይዞርም፤
የሚዞረው እንጨቱ ነው። እጅ ከቸኮለ ምላጭ አይምርም፣
ጠጭ ይላል። በሳምንት ሦስት አራት ይሰበራል።
አንዱ ቁራጭ ጉጥ ሲያወጣ ጎረቤቱ ይሰረጉዳል፤
ጉጥ ከስርጉዱ ሲገጥም ድምፅ አለው፣
ጆሮ የማይደርስበት፣ ጣት ብቻ የሚሰማው።

ከታች ፎቅ እትዬ ብዙነሽ አንገታቸውን አውጥተው፣
«አንተ ሰውዬ፣ የመጋዝህ ብናኝ በርበሬዬን አለበሰው!»
ይቅርታ እላለሁ። ጨርቅ አነጥፋለሁ።
መሬት ስቆርጥ ግን ከታች የጮኸብኝ አልነበረም፤
ወይ ጆሮዬ እስከዚያ ድረስ አልወረደም።

በዚህ ክረምት የሳልኩት ይህንኑ ሰፈር ነው፣
ብሎኩ ሳይቆም፣ አስፋልት ሳይደርስ፣ ጤፉን ነፋስ ሲያስተኛው።
አንድ ሾላ፣ አንድ ሣር ቤት፣ ታጥፎ የሚሄድ ጅረት።
አንዴ ነው ያየሁት፣
ያውም በቢሮ ፒካፕ መስኮት፣
ፕላኑ ጭኔ ላይ፣ ሹፌሩ ለምሳ ሲቸኩል።
የቀረውን ሞላሁት ከፋይል።
መቶ ሃያ ቁራጭ ወጣው።

ኦቦ ጉርሜሳ የብሎካችን የሌሊት ዘበኛ ናቸው፤
ድሮ እዚሁ ያርሱ እንደነበር ሰው ነው የነገረኝ፣ እኔ አልጠየቅኋቸው።
መብራት የጠፋ ማታ፣ ከደረጃው ሥር
ካርቶን አንጥፌ ዘረገፍኩት። «እስኪ ይሞክሩት፣ ኦቦ።»
ዱላቸውን አስደግፈው፣ ባትሪያቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ተቀመጡ።

ሰው ሁሉ ከጠርዝ ይጀምራል፣ ቀጥ ካለው፣ ከማዕዘኑ።
እሳቸው ከጅረቱ ጀመሩ። ቁራጩን እየገለበጡ
ቀለሙን ትተው የዋንዛውን መስመር በአውራ ጣት አዳመጡ።
እኔ በሰዓት የምጨርሰውን፣ ሳልቆጥር ጨረሱት።

ከዚያ ባትሪውን ከአፋቸው አወጡት።
«ጅረቱ ከሾላው በግራ ነበር፤ አንተ በቀኝ አደረግከው።»
«ፕላኑ ላይ...» ልል ነው፣
ምላሴ ላይ ቀረ።
ፕላኑን ያሰመርኩት እኔው፣ ማህተሙን ያሳረፍኩት እኔው፣
አራት ቅጂ፣ አንዱ ለክፍለ ከተማ።
«ከብት የሚጠጣው እዚህ ጋ ነው» አሉ፤ ጣታቸው በጨለማ
ዛሬ መኪና የሚታጠብበትን ጥግ ጠቆመ።
ሥዕሉን ትንሽ አዩት፤ «ጋሪ ዳ» ብለው ተነሡ፣ ዱላው ቀደመ።

ጠዋት ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ዘጠኝ።
ካርቶኑን አራገፍኩ፣ ደረጃውን ጠረግኩ፣ አልተገኘልኝ።
የጎደለው ሣር ቤቱ አይደለም፤ ሾላውም አልጎደለ።
ከሾላው በግራ ያለ፣
ምንም ያልሳልኩበት፣
አረንጓዴ ብቻ የቀባሁት ቁራጭ ነው።

በሩ ላይ ኦቦ ጉርሜሳ፣ ካፖርታቸው እስከ አንገት ተቆልፎ፣
«አካም ቡልቴ» አሉኝ፣ እንደ ወትሮው።
እጃቸው ከኪሳቸው አልወጣም።
እኔም አልጠየቅኩም።

አመልማል፣ «ልኩን ታውቀው የለ? ቆርጠህ ሙላው» ትለኛለች።
አውቀዋለሁ፣ እስከ ግማሽ ሚሊሜትር።
በመዝገብ ቤት ጎዶሎ አያድርም ነበር።
ይኸኛው ይደር።